የጠምበለሏ አፈር

አፈር ለመግዛት ሰሚት ተነስቼ ሽሮ ሜዳ የሄድኩበትን ቅዳሜ ላጫውታችሁ ነው፤ ግን ስለ ሐረጓ ሳልናገር መንገዱን ብጀምር ወሬው አይጥመኝም።

ሐረጓ ጠምበለል ናት። ደጋ አገር ጫካ ዳርና አጥር ላይ ተጠምጥማ ነጭ አበባዋን የምታፈስሰው፣ ሽታዋ ከሩቅ የሚጣራው፣ ዘፋኞቻችን ቆንጆ የሚያሞግሱባት ጠምበለል። እፅዋት አጥኚዎችም እ.ኤ.አ. በ1844 ጃስሚነም አቢሲኒከም ብለው ባገራችን ስም መዝግበዋታል። እንደ ወይን የምትጨብጥበት ክር የላትም፤ ግንዷ ራሱ ያገኘው ላይ እየተጠመጠመ ይወጣል። እህቴ ዐረብ አገር ከመሄዷ በፊት በቀለም ባልዲ ተክላት ሄደች። በኢሞ ስትደውል ታዲያ ሰላምታው ሳያልቅ «እስቲ ካሜራውን ወደ በረንዳው አዙረው» ትለኛለች።

ዘንድሮ ማዞሩ ከበደኝ። ሦስት ሦስት እየሆነ በአንድ ዘንግ ላይ የሚወጣው ቅጠሏ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ፤ ጫፏም ገመዱን ለቅቆ ተንጠለጠለ። ያየ ሁሉ መድኃኒት አለው። አንዱ ውሃ ጠምቷት ነው ይላል፣ ሌላዋ የቡና አተላ ጨምርባት ትላለች፣ የግቢው ጥበቃ ደግሞ ዩሪያ ካላገኘች አለቀላት ብሎ ማለልኝ። ታች ቤት ያሉት እማማ ብቻ ቅጠሉን አላዩም። ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተቱ፣ አወጡ፣ አሸተቱት። «ልጄ፣ ይቺማ እየሰመጠች ነው» አሉ።

የሰፈራችን መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሜዳ ላይ ጤፍና ሽምብራ ይባረክበታል። ቀዳዳ በሌለው ባልዲ ውስጥ ግን ውሃው መውጫ፣ ሥሩም አየር ያጣል፤ አየር ያጣ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ያቆማል። ውሃ ውስጥ ቆማ የተጠማች የምትመስለው ለዚህ ነው። ከባልዲው ስናወጣት ነጭ መሆን የነበረበት ሥር ቡናማ ሆኗል። አንዱን ጫን አድርጌ ብይዘው ቆዳው ሙልጭ ብሎ ወጣና መሀሉ ያለው ቀጭን ክር ብቻ ጣቴ ላይ ቀረ። ሆዴ ባባ።

በነጋታው ሽሮ ሜዳ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጥ ልጅ ዘንድ ደረስኩ። ልጁ ሥራውን ያውቃል፤ ሦስት እጅ ቀይ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ለክቶ፣ በእጁ አገላብጦ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ሞላልኝ። ተሸክሜ ታክሲ ያዝኩ። ረዳቱ ለማዳበሪያው የአንድ ሰው ሂሳብ ጠየቀ፤ ከፈልኩ፤ እግሬ መሀል አቆምኩት።

መገናኛ ልንደርስ ስንል ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ማዳበሪያው ተገለበጠና ከታች ተተረተረ። ያ እርጥብ ቀይ አፈር ለቅሶ ደርሰው የሚመለሱ እናት ነጠላ ጥለት ላይ፣ የአንድ ጎረምሳ ነጭ ስኒከር ላይ፣ ወንበሩ ስር ሁሉ ተዘረገፈ። ማንም አልተናገረም። ጸጥታው ከስድብ ይብሳል፤ ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል። ተንበርክኬ በእጄ ማፈስ ብጀምር ረዳቱ «ወንድም፣ ደላላ ነህ እንዴ? መሬት ነው የምትሸጠው?» አለና ታክሲው በሙሉ ሳቀ። «ለአበባ ነው» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። እናትየዋ ነጠላቸውን እያራገፉ «የምን አበባ?» አሉ። «ጠምበለል።»

«ኧረ በማርያም! ጠምበለል ዛሬም አለ?» ብለው ጎንበስ አሉ፤ ካጠገቤ ማፈስ ጀመሩ። ጎረምሳው ጫማውን ትቶ ከወንበር ስር ይጠርግልኝ ጀመር። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እያሉ አንድ ሽማግሌ የገበያ ዘንቢላቸውን ባዶ አድርገው ሰጡኝ፤ ሽንኩርታቸውን ጋቢያቸው ላይ አቀፉት። «ሥሯን ጥላ፣ አናቷን ፀሐይ አድርግላት» አሉኝ፤ አጥራቸው ላይ ስታድግ አይተዋታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የተባለውን እዚያ ወለል ላይ አየሁት። ሽማግሌው መገናኛ ሲወርዱ ዘንቢሉን ልመልስ ብል እጄን ገፍተው ሄዱ።

ቤት ስደርስ የባልዲውን ቂጥ በጋለ ምስማር በሳሳሁት፣ ጠጠር ደለደልኩ፣ የበሰበሰውን ሥር ቆርጬ አዲሱ አፈር ውስጥ አስገባኋት። እማማ መቀስ ይዘው ወጡና፣ የቀረው ሥር ሁሉን አይመግብም ብለው ከቁመቷ ግማሹን አነሱላት። ዩሪያ የሚባል ነገር ለጊዜው እንዳላስጠጋ አስጠነቀቁኝ፤ ለቆሰለ ሥር ማዳበሪያ ማቃጠል ነው። ሲወጡም የማጠጫ ጆጌን ይዘውት ሄዱ። «ሲጠማት እኔ እነግርሃለሁ» አሉ። ትናንት ልጠይቃቸው ብወርድ ከነዱቄት እጃቸው መጡ፣ ጣታቸውን ጠርገው አፈሩ ውስጥ ከተቱና «ገና ነው» ብለውኝ ወደ ሊጣቸው ተመለሱ።