ሐዋሳ ትቅርብን

ጎብዬ ተቀምጦ የባሕር ዳርቻ ማማረጥ ሳያስቅ አይቀርም። በምዕራብ ገደሉ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ መሐል ላይ ማሽላና ፀሐይ፤ አገራችን ይኸው ነው። ወንዞቻችን ክረምት ላይ ደፍርሰው፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለሉ ይመጡና በጋ ላይ አሸዋቸውን ትተውልን ይሄዳሉ። ስለዚህ የባሕር ዳርቻው ግማሽ አለን ማለት ነው። አሸዋው ሞልቷል፣ ፀሐዩም ሞልቷል፤ የጎደለን ባሕሩ ነው።

ባሕር አያውቁም ብላችሁ ግን እንዳትንቁን። ለወሎ ሰው ባሕር ማለት ድሮ አሰብ ነበር። በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርገው የሚወርዱት ከባድ መኪኖች ስንቱን ጎረምሳ ጭነው አውርደውታል! አጎቴም አሰብ ወደብ ላይ ተሸካሚ ነበሩ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ስትለይ አገሪቱ የባሕር በሯን አጣች፤ እሳቸው ግን ቀድመው ተመልሰው ማሽላቸውን ከወፍ እየጠበቁ ነበር። "ባሕሩ እንዴት ነው አጎቴ?" ስንላቸው "ይሞቃል" ይላሉ። ሌላስ? "ሌላማ በምን አየሁት? ጀርባዬ ላይ ኩንታል ነበር፤ የማየው እግሬን ነው።"

የአክስቴ ልጅ ደግሞ ጅዳ ናት። በራያ ቆላ ሳዑዲ ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ይቸግራል። ዕረፍት ባገኘች ቁጥር ባሕሩ ዳር ቆማ የተነሳችውን ፎቶ ትልክልናለች። እሷ ትታያለች፤ ከኋላዋ ያለው ሕዝብም ይታያል። ባሕሩ ከሕዝቡ ጀርባ ነው አሉ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ የባሕር ዕውቀት ታጅበን ነው እኔና ባለቤቴ የዓመት ፈቃዴን የት እንደምናሳልፍ የተከራከርነው። እሷ "ሐዋሳ!" አለች። ያውም ለታኅሣሥ 19፣ ለገብርኤል።

"ሐዋሳ ሩቅ ነው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ መድረስ አለብን፤ ከዚያ ወዲያ 275 ኪሎ ሜትር አለ።"

"አንተ ሄደህበት የለም እንዴ? ለኔ ሲሆን ኪሎ ሜትሩ ይቆጠራል?"

እዚህ ላይ ትክክል ናት፤ ሄጃለሁ። ለዚያውም ለገብርኤል። ስለዚህ የምናገረው በማስረጃ ነው። በዚያ ሰሞን ሐዋሳ የአልጋ ዋጋ የሚጠየቀው እንደ ዘመድ ሕመም ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ክፉውን ለመስማት ተዘጋጅቶ። እኔ የተሰጠኝ ክፍል ትናንት ዕቃ ቤት እንደነበር ጥግ ላይ የተረሳው መወልወያ ይመሰክር ነበር። ፍቅር ሐይቅ ወረድኩ። ፍቅሩ በየወንበሩ አለ፤ ሐይቁን ግን ለማየት በሁለት ጥንዶች መሐል አንገቴን ማስገግ ነበረብኝ። አሞራ ገደል ደግሞ ሌላ ወረፋ ነው። አባ ኮዳ የሚባለው ያ መላጣ ወፍ፣ ካፖርት የለበሰ ጡረተኛ መስሎ፣ ከዓሣ አራጁ አጠገብ ቆሞ የድርሻውን ይጠብቃል። ከሱ ኋላ እኔ ቆምኩ። እሱ ቀድሞኝ በላ። የቀረውን ሙዝ ደግሞ ጦጣ ከእጄ ላይ ወስዳው ዛፍ ላይ ወጣች፤ ሕዝቡም ፎቶ ያነሳው እኔን ሳይሆን እሷን ነው።

ይህን ሁሉ ስተርክላት ባለቤቴ በጥሞና ሰማችኝና "ደስ ይላል ማለት ነው" አለች።

በመጨረሻ ያሸነፈው ኪሴ ነው። ሐይቅ ከተማ እንድንሄድ ተስማማን፤ እዚሁ ወሎ፣ ከደሴ ወዲህ። ዘንድሮ ሰው መንገድ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው "መንገዱ ሰላም ነው ወይ?" ብሎ ነውና ሾፌሮቹን ጠየቅን። "አብሽሩ!" አሉን። አላውሃን ተሻግረን፣ ወልድያን፣ ሲሪንቃን፣ መርሳን አልፈን ውጫሌ ስንደርስ ሚኒባሱ ቆመ። ምኒልክና ጣልያን በ1881 ዓ.ም. የተዋዋሉባት ውጫሌ። ረዳቱና አንዲት እናት በሒሳብ አልተግባቡም፤ ለካ ሲነሱ የተስማሙትን ዋጋ እሱም በራሱ ቋንቋ፣ እሳቸውም በራሳቸው ቋንቋ ነው የያዙት። እንደዚያኛው አድዋ ሳይደርስ ተሳፋሪው አዋጥቶ ገላገላቸው።

ሐይቅ ከተማ ከዋናው መንገድ ወደ ውኃው በባጃጅ ትንሽ መውረድ ነው። ወረድን። ሐይቁ ሙሉውን ታየኝ፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ያለ ማንም አንገት። አንዲት እናት ከሰል ላይ መጥበሻ ጥደው ቆሮሶ ይጠብሳሉ። ዓሣውን በግራ በቀኝ በቢላዋ ስንጥቅ ስንጥቅ ያደርጉና ጨዉን በስንጥቁ ውስጥ በአውራ ጣታቸው ይጠቀጥቁታል፤ ዘይቱ ሲንጫጫ ጭራው ጥምልል ብሎ ይነሳል። ያ ጭራ ሲሰበር እንደ ቆሎ ነው የሚሰማው። ሐይቁ ላይ ግን ቆሮሶም እንደኛ እንግዳ ነው፤ ሰው አምጥቶ ከጨመረው ገና አርባ ምናምን ዓመቱ ነው። ቶሎ ተላምዷል።

ጸጥታው ግን ጉድ ሠራን። ሐዋሳ ያ ሁሉ ሺህ ሕዝብ ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም ነበር። ሐይቅ ላይ የዓሣዋ እናት ብቻቸውን በቁን። "ከየት ናችሁ?" ከጎብዬ። "ከጎብዬ ከነማን ቤት?" ነገርናቸው። "የወንድሜ ሚስት እህት ሮቢት ናት፤ አታውቋትም?" አናውቃትም። ቅር አላቸው። ልጆቹን ለምን አላመጣችኋቸውም፣ ለማን ትታችኋቸው መጣችሁ፣ ዘንድሮ ማሽላው እንዴት ነው፣ ጤፍ ስንት ገባ? የመጀመሪያው ዓሣ ከመጥበሻው ሳይወጣ የቤታችንን ጉዳይ ጨርሰው ወደ ጎረቤቶቻችን ተሻገሩ።

እኔ "እስጢፋኖስን ልሳለም" ብዬ አመለጥኩ። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቋቋሙት ገዳም ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት። ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ሴት አይገባበትም፤ ስለዚህ ባለቤቴ ከዓሣዋ እናት ጋር ቀረች። መቼም እነዚያ አባቶች ጸጥታ ፍለጋ ውኃ መሐል የገቡት ያለ ነገር አይደለም። ተሳልሜ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ትንሽ አርፌ ስመለስ የኔ ዓሣ ተበልቷል፣ ቡና ተፈልቷል፣ ሮቢት ያለችው ሴትዮም በስልክ ተገኝታለች። ባለቤቴ ስልኩን አቀበለችኝ። "ሰላም በላት፤ ዘመድ ናት።"

ጎብዬ ስንመለስ ቡና ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ "እንዴት ነበር?" አለ። ባለቤቴ ሐዋሳን አላነሳችም። "ሰው የለ፣ ጫጫታ የለ፤ ውኃው ብቻ! ዕረፍት እኮ እንዲያ ነው" አለች። አጎቴ "ይሞቃል?" አሉ። አይሞቅም አለቻቸው። ያኔ ሁሉም ተነቃነቀ። ለሚመጣው ዓመት አንድ ሙሉ ቅጥቅጥ ለመከራየት መዋጮ ተጀምሯል፤ ገንዘብ ያዥዋ ባለቤቴ ናት። በግ ይዘን እንሂድ ወይስ እዚያው እንግዛ የሚለው ገና አልተቆረጠም። ሾፌሩ ግን ትልቅ ስፒከር ያለው እንዲሆን ሁሉም ተስማምቷል።