ስለ ሊብሬዬና ስለ ሻዩ ብርጭቆ

ይድረስ ለተከበሩ የጋራዡ ሥራ አስኪያጅ፣
ካሉበት።

እኔ ከነቤተሰቤ፣ በእግሬ እየሄድኩ፣ ደህና ነኝ። የጋራዥዎን ስም እዚህ አልጠቅስም፤ ከማሻ እስከ ጌጫ መኪና ያለው ሁሉ ስለሚያውቀው ቀለም ማባከን ነው።

ፒክአፔ እናንተ ግቢ የገባችው ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። ማሻ እንግዲህ ክረምት ወጣ ተብሎ ዝናብ የሚቆምበት አገር አይደለም። ዳገቱ ላይ ጭቃ ያዛት፣ ፍሪሲዮኑ ነደደ፣ በሰው አይሱዙ ተጎትታ መጣች። መካኒካችሁ ከሥሯ ገብቶ አየና «ዲስክና ፕሬቸር ነው፤ ቀላል ነው» አለኝ። ይኸው ገና አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ። የቡና ለቀማውም አልፏል፤ የዘንድሮን ቡና ያስጫንኩት በኪራይ መኪና ነው፤ ትርፉን ባለመኪናው ወስዶት እኔ ድካሙን ወስጃለሁ።

መዘግየት ሁሉ የእናንተ ጥፋት ነው አልልም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ጠዋትና ማታ ይለያያል። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል አይገባም ተባለ፤ ያለውን ጠግኖ መንዳት ግድ ሆነ፣ የእናንተም በር ተጨናነቀ። መንገዱን፣ መብራቱን፣ የነዳጁን ሰልፍ ይተዉት፤ ያን ያህል ወረቀት የለኝም።

ችግሩ እኔ ዕቃውን አምጥቻለሁ። ልጄ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ገብቶ፣ ተከራክሮ፣ ዲስኩንም ፕሬቸሩንም ኩሽኔታውንም ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ፤ በእጄ አስረከብኳችሁ። ካምቢዮ አውርዶ፣ ለውጦ፣ መልሶ ማሰር ለአንድ መካኒክና ለአንድ ረዳት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ይህን የነገረኝ የራስዎ መካኒክ ነው። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ምክንያት ብደረድር ለቅሶውም፣ ሰርጉም፣ የጠፋው ክሪክም አያልቅም። ዕቃው አለ፣ ሰው አለ፣ መኪናዋ አለች። ነገ ነው የሌለው።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ፤ ባለፈው ማክሰኞ ወደተደረገልኝ አቀባበል።

ገና ከበሩ ዘበኛው አስቆመኝ። «አባባ፣ ንብረት ለማየት ከሆነ ሊብሬ ያሳዩ።» ሊብሬውን መኪናዋን ሳስገባ እናንተው እንደተቀበላችሁኝ ነገርኩት። አሰበበትና «እንግዲያው ሊብሬ የለዎትም ማለት ነው» አለኝ። ለሊብሬው መግባት አለብኝ፤ ለመግባት ሊብሬው ያስፈልገኛል። አንድ ያረጀ ጎማ አሳየኝና ተቀመጥኩ። ጎማው ውስጥ የዝናብ ውሃ አቁሮ ነበር፤ ሱሪዬ እስኪርስ አላወቅሁም።

ኋላ ራርቶ እስከ መስኮቱ ሸኘኝ። ልጅቱ ሻይ እየጠጣች ነው። ታርጋዬን ነገርኳት።

«ባለቤትነትህን በምን አውቃለሁ?»

የመጨረሻ ልጄን ታክላለች፤ «አንተ» ስትለኝ ከኋላዬ ሰልፍ የቆመው ሰው ጸጥ አለ። በሰልፉ ውስጥ የልጄ አማት ነበሩ። እንዳላየሁ ሆንኩ፤ እሳቸውም፣ ጨዋ ናቸውና፣ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

ዓይኔን ዝቅ ሳደርግ አየሁት። ብርጭቆዋ የተቀመጠው በእኔ ሊብሬ ላይ ነው። ጥጉ በሲጋራ የተበሳውን የፕላስቲክ ሽፋን በሩቅ አውቀዋለሁ፤ በሻይ ቀለም ክብ ክብ ታትሞበታል፣ አንዱ በአንዱ ላይ፤ ማለት የዛሬ ብቻ አይደለም። «እሱ ነው» ብዬ እጄን ሰደድኩ።

«ሰነድ አይነካም! ዘበኛ!»

ዘበኛው ክንዴን ያዘ። ልጅቱ ብርጭቆውን አነሳች፣ ሽፋኑን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ገልጣ ስሜን ከነአያቴ ጮክ ብላ አነበበች። ከዚያ ዘጋችው፣ ቦታው መለሰችው፣ ብርጭቆውንም ላዩ ላይ አስቀመጠች። «አዎ፣ ያንተ ነው። ዛሬ ግን መካኒኩ የለም።» ዘበኛው ክንዴን አልለቀቀም ነበር።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን እርስዎ በመስታወቱ በኩል ያዩ ነበር። አይተው መጋረጃውን ሳቡ። ምን አደረግሁህ? ዕዳ አለብኝ? ቀብድ ከፍያለሁ፣ ዕቃ አምጥቻለሁ፣ ስትጠራኝ መጥቻለሁ፣ ነገ ስትለኝ ተመልሻለሁ። መኪናዬን ይዘህ እኔን እንደ ሌባ በክንዴ ታስወጣኛለህ?

ይቅርታ። «ይዘው» ለማለት ነው።

ቁጣዬ በረድ እንዲል መኪናዋን በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። ካምቢዮዋ ሸራ ለብሶ መሬት ላይ ነው። ባትሪዋን የሌላ ሰው መኪና ለማስነሳት ወስደውታል። አንድ ጎማዋን የት እንዳለ የጠየቅሁት ረዳት ትከሻውን ነቀነቀ። ክልላችን ኅዳር 2014 ሲመሠረት ዋና ከተማነቱን ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ እንዳከፋፈለ ሁሉ፣ የእኔም መኪና በየቦታው ተከፋፍላለች። (ለማሻ እንኳ ያኔም ምንም አልደረሳትም።)

ለመረጃ ያህል፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል አለ። ሸማች በትህትናና በአክብሮት ይስተናገድ፣ ከነጋዴ ስድብና ዛቻ ይጠበቅ ይላል። የቀበሌያችን ሰው ሲያነብልኝ እንደገና እንዲያነበው ጠየቅሁት፤ ደስ ይላል። ለልጅቱ ቢያነቡላት መልካም ነው፤ አስቀድመው ግን ለራስዎ ያንብቡት፤ ልጅቱ ደመወዝተኛ ነች፣ መጋረጃውን የሳቡት እርስዎ ነዎት።

ትናንት በመልእክተኛ የላኩልኝ ወረቀትም ደርሶኛል። የማቆያ ኪራይ ይላል፤ መኪናዬ ግቢዎን ስለያዘች በቀን ታስቦ። ፊርማዎም ማኅተምዎም አለበት፤ ቀልድ መስሎኝ ገልብጬ አየሁት። እጅግ ፈጣን ሥራ ነው፤ ፍሪሲዮኑን ለዚሁ ሂሳብ ሠራተኛ ቢሰጡት ኖሮ እስካሁን አልቆ ነበር።

አልከፍልም። የእጅ ዋጋውን እከፍላለሁ፣ ሥራው ሲያልቅ፣ በደረሰኝ። ማቆያውን አልከፍልም።

ሰኞ እመጣለሁ፤ የልጄን አማትም ይዤ፣ በምስክርነት። ዘበኛው ሊብሬ ከጠየቀኝ ልጅቱ ብርጭቆዋን አንስታ ታሳየው።

አክባሪዎ፣
ባለ ፒክአፑ፣ ከማሻ