ነካካ፣ ቀማመሰ፣ ቆራረሰ፦ በአዋሽ ሸለቆ ክብደት ቀናሹ ስላልበላው ምግብ

ክብደት ለመቀነስ የቆረጠ ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ አብዝቶ ከመብላት መታቀብ ለምን እንደሚሳነው የጻፉ ሁሉ ምክንያቱን ወይ ከሆድ ወይ ከፈቃድ ድክመት ሲፈልጉት የኖሩ ሲሆን፣ ይህ ጥናት ግን ነገሩ የሰዋስው ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ለጥናቱ የተመረጠው የአዋሽ ሸለቆ ሲሆን፣ በአንዱ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በዝቅተኛው ቆላ የተቆረቆረችው የአፋር ክልል ዋና ከተማ ሰመራ ይገኛሉ። በመጀመሪያዪቱ ከተማ ስም ውስጥ ያለው ኪሎ የመንገድ እንጂ የክብደት አይደለም፤ ይሁንና ከተማዪቱ ሰባቱን ኪሎ እስከ ዛሬ አለመቀነሷ ለተመራማሪ ተስፋ የሚሰጥ ምልክት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ «ክብደት ቀናሽ» ሲባል ክብደቱ የቀነሰ ሰው ማለት ሳይሆን፣ ክብደት እየቀነሰ መሆኑን ለቤተሰቡ ያስታወቀ ሰው ማለት ነው።

«በላ» በአማርኛ እጅግ ለጋስ ግሥ ነው። ዕቁብ ይበላል፤ ጉቦ ይበላል፤ ዝገት ብረትን ይበላል፤ ያጠፋ ልጅም ኩርኩም ይበላል። ይህን ሁሉ ሲያስተናግድ የኖረው ግሥ ግን ክብደት ቀናሹ ስለ ራሱና ስለ ወጥ ቤቱ ሲናገር ከአንደበቱ ጨርሶ ይጠፋል። ቀናሹ አይበላም፤ ይቀምሳል፣ ይቆርሳል፣ ይቆነጥራል፣ ይዘግናል፣ ድስት ይጠርጋል፣ ሆዱን ያዝ ያደርጋል፣ ትንሽ ነገር አፉ ላይ ያደርጋል። ከእነዚህ ሁሉ የላቀ ስፍራ ያለው ድግግሞሽን የሚያመለክተው የግሥ ቅርጽ ሲሆን፣ ይኸውም ከግሡ ፊደላት አንዱን በመድገም ነካን ነካካ፣ ቀመሰን ቀማመሰ፣ ቆረሰን ቆራረሰ የሚያደርገው ነው። የዚህ ቅርጽ ተአምር ድርጊቱ ብዙ ጊዜ መፈጸሙንና በየጊዜው ግን ኢምንት መሆኑን በአንድ ቃል አስማምቶ መያዙ ነው፤ በመሆኑም ግማሽ ድስት ምስር ወጥ «ነካካሁት እንጂ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ያለ አንዳች መጨናነቅ ይገባል።

ለብቻው ሊታይ የሚገባው «ጨው ማየት» ነው። ጨው የሚታየው በዐይን ሳይሆን በምላስ ነው፤ አንድ ጊዜ የታየ ጨው ስለማያስተማምን እንደገና ይታያል፤ ከዚያም ለማነጻጸር ያህል ከሥጋው ጋር ይታያል። የአገሪቱ ጨው በአመዛኙ ከዚሁ ከአፋር ክልል፣ ከአፍዴራ፣ የሚወጣ ሆኖ ሳለ በክልሉ ውስጥ ይህን ያህል ክትትል ማስፈለጉ ያስገርማል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ነው እንዳይባል በሰነድ የቀረበ ማስረጃ አለ። በ1992 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ በታተመ የኒው ዮርክ ጥናት፣ ምግባቸውን ቀንሰውም ክብደታቸው አልቀንስ እንዳላቸው የሚናገሩ ሰዎች የሚበሉትን ራሳቸው እንዲመዘግቡ ተደርጎ፣ ጎን ለጎን ደግሞ ሰውነታቸው የሚያጠፋው ጉልበት ሲለካ፣ ከበሉት ውስጥ በአማካይ 47 በመቶ የሚሆነው ከመዝገቡ መጥፋቱ ታውቋል። የተጠኑት ሰዎች አማርኛ ሳያውቁ ይህን ያህል መሰወር ከቻሉ፣ ነካካና ቀማመሰ በእጁ ያለ ሕዝብ የት ሊደርስ እንደሚችል አንባቢ ይገምት። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል ተብሎ ስለሚሰላ (ካሎሪ ምግብ ለሰውነት የሚሰጠው ጉልበት መለኪያ ነው)፣ በየቀኑ 300 ካሎሪ ብቻ የሚነካካ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ምንም ሳይበላ ከአንድ ኪሎ በላይ ይጨምራል።

የፈቃድ ድክመት የሚባለውን አስተሳሰብ ደግሞ የሚያፈርሰው ጾም ነው። ያው ቀናሽ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፉ ሳይዞር ይውላል፤ የሰመራው ጎረቤቱም ረመዳን በሙቀቱ ወራት ሲውል፣ አየሩ ከ40 ዲግሪ አልፎ፣ ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውሃ እንኳ በጉሮሮው አያልፍም። ድስቱ ያው ድስት፣ ሽታውም ያው ሽታ ነው። ልዩነቱ ጾም «ገደፈ» የሚል ግሥ ያለው መሆኑ ነው፤ ገደፈ ማለት በመብላት ጾምን ማፍረስ ሲሆን፣ በቁንጣሪ የገደፈውንና በትሪ የገደፈውን አይለይም፤ «ገዳደፍኩ እንጂ አልገደፍኩም» ብሎ ማምለጥም በሰው አፍ አልተለመደም። ዳይት የሚባለው ከባሕር ማዶ የመጣ ሥርዓት ግን የሚፈርስበት ግሥ ሳይዘጋጅለት ወደ አገር ገብቷል።

ሙቀት የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንስ ስለሚታወቅ፣ ከክብደት ቀናሾች ሁሉ ዕድለኛው የሰመራው መሆን ነበረበት። ይህ ስሌት ፍሪጅን አላሰበም። ፍሪጅ በደጋ ምግብ ማቆያ ሲሆን በቆላ ግን ፊት ማቀዝቀዣም ጭምር ነው፤ ቀናሹ በሩን የሚከፍተው ለንፋሱ ብቻ መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ በሩን ከፍቶ ከትናንት ጥብስ ጋር ዐይን ለዐይን የተያየ ሰው ባዶ እጁን መመለስ ይከብደዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከዚህ የባሰ ኃይል ያለው ቃል ይነሳል፤ እርሱም «እንዳይበላሽ» ነው። ይህን ቃል ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ከመካከሉ «ይበላ» የሚል ትእዛዝ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ያገኛል፤ ቀናሹም ፊደል የቆጠረ ስለሆነ ይታዘዛል። ምግብን ከብልሽት ለማዳን አያቶች ያስቀሩት ሌላ መላ፣ እንጀራን በፀሐይ አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ፣ ለዚህ ሸለቆ ፀሐይ የተፈጠረ ይመስል ነበር፤ ሆኖም ድርቆሽ በሰፌድ ተሰጥቶ መተላለፊያ ላይ ስለሚቀመጥና ሲያልፉ አንድ፣ ሲመለሱ ሁለት ስለሚነሳ፣ ለፍርፍር የሚተርፈው ጥቂት ነው። ድርቆሽ የሚያነሳ ሰው ደግሞ በየትኛውም መመዘኛ በላ አይባልም፤ አለፈ ነው የሚባለው።

በትንሽ ሳህን መብላት ትንሽ ያስበላል የሚለውን ምክር በዓለም ካስፋፉት መካከል የቀድሞው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ብራያን ዋንሲንክ ይገኙበታል፤ ኋላ ከደርዘን በላይ ጽሑፎቻቸው ከየመጽሔቱ ተሰርዘውባቸዋል። ባይሰረዙም ምክሩ ለዚህ አገር አይሆንም ነበር፤ እንጀራ በላ ሰው ሳህኑንም ይበላልና። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው የአመጋገብ ተመራማሪዋ ባርባራ ሮልስና ባልደረቦቻቸው በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጡት ግኝት ነው፤ ይህም ሰው የሚጠግበው በጠቅላላው ሳይሆን በየጣዕሙ ነው፣ ከአንዱ ምግብ የጠገበ ለሌላው ገና ርቦት ይቆያል ይላል። በያይነቱን የፈለሰፈው ሰው ይህን ቀድሞ ያውቅ እንደነበር ጥርጥር የለውም፤ ከሽሮው የጠገበ ሰው ከጎመኑ ገና አልተዋወቀም፣ ቀይ ሥሩም ከሩቅ ይጣራል።

ምግብ ከድስት ተነስቶ ማዕድ እስኪደርስ የሚደርስበትን ለመረዳት ወንዙን ማየት ይበቃል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጂቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል እንጂ ከባሕር አይደርስም፤ በመንገዱም የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ አገዳ ይጠጣዋል። ጥብስም እንዲሁ በምጣድ ላይ ወንዝ ሆኖ ይጀምርና ትሪው ላይ ሲደርስ ሽንኩርትና ቃሪያ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ወንዙ በበኩሉ ስኳር ሆኖ ወደ ሻይ ብርጭቆ ይመለሳል፤ ቀናሹም ስኳሩን ይጨምራል እንጂ አይበላውም።

በሸለቆው ክብደቷን ጠብቃ የኖረች ሴት አልታጣችም። በ1974 እ.ኤ.አ. ከሰመራ ብዙ በማይርቀው ሐዳር የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ቁመቷ 1.1 ሜትር፣ ክብደቷ 29 ኪሎ ግራም ያህል እንደነበር ይገመታል፤ ክብደት ለቁመት ካሬ ሲካፈል የሚገኘው መለኪያ ለእርሷ ወደ 24 ስለሚመጣ፣ ጤናማ ከሚባለው ከ18.5 እስከ 24.9 ካለው ክልል አልወጣችም። ወጥ ቤት አልነበራትም። የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ምሁራንን ያከራከረ ሲሆን፣ ዛፉ ላይ የወጣችው ለጭማሪ እንደሆነ ግን ማንም አልመረመረም።

ከቤተሰብ የሚመጣው ፈተናም ቢሆን መልሶ ሰዋስው ነው። «ጎረሰ» ሲባል ባለቤቱ በሊታው ነው፤ «አጎረሱኝ» ሲባል ግን ባለቤቶቹ ሌሎች ናቸው፤ ቀናሹ ድርጊት የተፈጸመበት ተሳቢ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አክስት «በሞቴ» ብላ ያስጠጋችው ጉርሻ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ የተከተለው ሁለተኛውና ሁለቱን ለማስታረቅ የመጣው ሦስተኛው በማን ሒሳብ እንደሚያዙ ግልጽ ነው። እነዚህን ሁሉ ተቋቁሞ ሁለት ኪሎ የቀነሰ ሰው ቢገኝ እንኳ ነገሩ ተሰውሮ አይቀርም፤ አፋሮች ዳጉ የሚሉት፣ መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ያዩትንና የሰሙትን ሳያጎድሉ የሚለዋወጡበት የወሬ ሥርዓት፣ ባለበት አገር የሰው መክሳት ከሰውየው ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ደጃፍ ላይ የሚጠብቀውም «ምነው ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» የሚል ጥያቄና አብሮት የቀረበ መሶብ ነው።

የጥናቱ የመጨረሻ ክፍል የተካሄደው ከቤት ውጭ፣ የሰው ሚዛን ይዘው መንገድ ዳር ከሚቀመጡ ልጆች ዘንድ ነው። ቀናሹ ሚዛኑ ላይ ይወጣና ቁጥሩን ካየ በኋላ ተቀናሽ የሚሆኑትን መዘርዘር ይጀምራል፤ ጫማው አለ፣ ቀበቶው አለ፣ ስልኩና ቁልፉ አሉ፣ ሸሚዙም በላብ ርሷል። ልጁ ቁጥሩ አሁንም ብዙ መሆኑን በዝምታ ሲያመለክት፣ ቀናሹ ከማለዳ ጀምሮ ሲያመልጠው የዋለውን ግሥ በዚያች ቅጽበት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለ ምንም ድግግሞሽ፣ ጮክ ብሎ ይናገረዋል፦ «አሁን ገና በልቼ መውጣቴ ነው!»