ለሱፍ ኪልት ጥብቅና

ሱሪ የዝናብ ልብስ አይደለም። ይህን ለመረዳት በምዕራብ ስኮትላንድ፣ ፎርት ዊሊያም ከተማ፣ አንድ ጠዋት አውቶቡስ መጠበቅ ይበቃል። በብሪታንያ ዝናብ ከሚበዛባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ሱሪ የለበሰው ሰው ጃንጥላ ቢዘረጋም ውሃው ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣበታል፤ ጨርቁ ጉልበቱ ላይ ይለጠፋል፤ ቢሮ ገብቶም እስከ ምሳ ሰዓት እንደረጠበ ይቀመጣል። አጠገቡ ኪልት ታጥቆ የቆመው ሰው የረጠበው ጉልበቱ ብቻ ነው። ጉልበት ደግሞ በመሐረብ ይጠረጋል። ከሰው ቆዳ ቶሎ የሚደርቅ ሱሪ እስካሁን አልተሰፋም።

የስኮትላንድ ወንዶች ጉርድ የሆነው ኪልት ሲነሣ ሰው ሁሉ ቀልድ ይጠብቃል። እኔ ቀልድ የለኝም። ስለ ጥቅሙ ነው የምናገረው።

በወጉ የተሰፋ ኪልት 8 ያርድ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ ጨርቅ ይፈጃል፤ ክብደቱ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። ከፊት ሁለት ለጥ ያሉ ሽፋኖች ይደራረባሉ፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ሽንሽን ነው፤ እስከ ዳሌ ድረስ ተሰፍቶ ከዚያ በታች ይለቀቃል። የሚታጠቀው ከፍ ብሎ እምብርት አካባቢ ስለሆነ ወገብና ኩላሊት በተደራረበ ሱፍ ይጠቀለላሉ። ወገቤን ብርድ መታኝ እያለ የሚያማርር ሰው መፍትሔው እዚህ አለለት። የድንጋይ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ያለበትም ትራስ መሸከም አያስፈልገውም፤ ታጥቆታል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የታችኛው ጠርዝ ነው። አይታጠፍም፣ አይሰፋም። ጨርቁ ከሽመና ሲወጣ የነበረው ጠርዝ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ውሃ የሚያቁር ድርብ እጥፋት የለውም፤ ጠብታው ወርዶ መሬት ላይ ያርፋል።

ሱፍ መሆኑ ዋናው ነገር ነው። የበግ ጸጉር የክብደቱን አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ እርጥበት ውጦ እጅ ሲነካው ግን ደረቅ ይመስላል። እርጥበቱን ሲውጥ ደግሞ ጥቂት ሙቀት ይለቃል። ይህንን የጥንቶቹ የስኮትላንድ ደገኞች ያለ ቤተ ሙከራ ያውቁት ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ አገሩን የዞረ በርት የተባለ እንግሊዛዊ እንደጻፈው፣ ደገኞቹ ሜዳ ላይ ሲያድሩ አንዳንድ ጊዜ ትልቁን ኩታ መሳይ ልብሳቸውን ወንዝ ውስጥ ነክረው ተጠቅልለው ይተኙ ነበር። እንግሊዛዊው ተገረመ። የመንዝ ሰው ቢሆን አይገረምም፤ በርኖስና ባና የሚያውቅ ሰው ስለ በግ ጸጉር አይከራከርም።

ወጥ ቤት ውስጥም ቢሆን ኪልት ከዘመናዊ ሱሪ ይሻላል። ፖሊስተር እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሱፍ ያርራል እንጂ አይቀልጥም፤ እሳቱ ሲነሣለትም ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ሽታም በቀላሉ አይይዝም፤ ሌሊት አየር ላይ ሰቅሎት ያደረ ሰው ጠዋት ንጹሕ ልብስ ያገኛል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ግን አይገባም፤ ይኮማተራል። ሌላው ጠላቱ ብል ነው።

ስለ ሆድም ልናገር። ኪልት በወገቡ ዙሪያ የቆዳ ማሰሪያዎችና ዘለበቶች አሉት። በአውሮፓ አቆጣጠር ጥር 25 ቀን ስኮትላንዳውያን ገጣሚያቸውን ሮበርት በርንስን በራት ግብዣ ያስባሉ፤ ሀጊስ የተባለው ከበግ ሆድ ዕቃ የሚሠራ ምግብ፣ ድንችና ቀይ ሥር መሳይ ሥራሥር በገፍ ይቀርባል። ሱሪ የለበሰው እንግዳ ቁልፉን በድብቅ ይፈታል፤ ኪልት የታጠቀው አንድ ቀዳዳ ያላላል፣ ክብሩም እንደተጠበቀ ይቆያል። ከፊት የሚንጠለጠለው ስፖራን የተባለው የቆዳ ቦርሳም የተመረጠ ቦታ ላይ ነው ያለው። ኪስ አውላቂ ከኋላ መጥቶ የሚመዘው ነገር የለም፤ ከፊት ከመጣ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ።

የልብሱን ጥቅም ከማንም በላይ የመሰከረው ግን ሊያጠፋው የተነሣው መንግሥት ነው። የብሪታንያ መንግሥት ጦር ያመፁትን ደገኞች ካሎደን ላይ ድል ካደረገ በኋላ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1746 በወጣው ሕግ፣ የደገኞቹን ልብስ የለበሰ ሰው ስድስት ወር ይታሰራል፤ ከደገመ ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ሕጉ እስከ 1782 ጸንቷል። በሠራዊቱ ውስጥ ላሉት ደገኛ ወታደሮች ግን አልሠራም። መንግሥት ኪልቱን ከሕዝቡ ገፍፎ ለራሱ ወታደሮች አለበሰ! ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

እርግጥ ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ነገሩ አልሰመረም። ጭቃው ጠርዙ ላይ እየቀዘቀዘ ጉልበት ይቆርጥ ነበር፤ ቅማልም በሽንሽኑ መኻል ተደላድሎ ይራባ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን እኔ የምናገረው ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ ነው፤ ምሽግ ውስጥ ለሚውል ሰው ሱሪ እንዲለብስ እመክራለሁ። ያም ሆኖ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ሰኔ 6 ቀን፣ የሕብረቱ ጦር ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ላይ ሲወርድ ቢል ሚሊን የተባለው የባግፓይፕ ነፊ ኪልት ታጥቆ ነበር ባሕር ውስጥ የዘለለው። ኪልቱ ደግሞ አባቱ በፊተኛው ጦርነት ፍላንደርስ ላይ የለበሰው ነው። ሁለት ጦርነት ከአባት ወደ ልጅ የተሻገረ ሱሪ የት አለ?

ሌላም ጉድለት አለው፤ በበጋ የሚነሡት ሚጅ የሚባሉ ጥቃቅን ተናካሾች ባዶ ጉልበት ይወዳሉ። እዚህ ላይ መከራከሪያ የለኝም፤ መታገሥ ነው። ነፋሱ ግን እንደሚወራው አያሰጋም፤ ሁለት ኪሎ ሱፍ በቀላሉ አይነሣም።

የሚቀረው “ወንድ ልጅ ቀሚስ?” የሚለው ነው። አፋሩና ሶማሌው ሽርጥ አገልድሞ በረሃ ያቋርጣል፤ ካህኑ ቀሚስ ለብሶ ይቀድሳል። ማንም ወንድነታቸውን አልጠየቀም።

ስለዚህ ግላስጎውና ኤደንብራ ለምትኖሩ ወገኖቼ አደራ አለኝ። ጎረቤት ሠርግ ሲጠራችሁ ኪልት ከኪራይ ቤት ትወስዳላችሁ፤ መውሰዳችሁ ደግ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ውስጡ የተሰፋውን መለያ አንብቡ። ለቱሪስት ተብሎ የሚሰፋው ብዙው አክሪሊክ ወይም ፖሊስተር ነው፤ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ እላይ የጻፍኩትን አንዱንም አይሠራም። ሱፍ ከሆነ ለብሳችሁ ጨፍሩ። ከተስማማችሁ ደግሞ ያገለገለ ፈልጋችሁ ግዙና ሰኞ ሥራ ለብሳችሁት ሂዱ።