ለግመሉም መንጃ ፈቃድ

ሐሙስ ማታ ስልኬ ድምፅ ካሰማ መልእክቱን ሳልከፍተው አውቀዋለሁ። የሃይኪንግ ጥሪ ነው። ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ ፎቶ አንሺ፤ ከሁሉም በታች ደግሞ ደመቅ ባለ ፊደል፣ የተጋጩ ሁለት ብርጭቆዎች ተስለውበት፣ «ቢራ በነፃ»። ቦታው ይለዋወጣል። አንዴ ወንጪ፣ አንዴ መናገሻ ሱባ፣ አንዴ አዋሽ ፓርክ ይሆናል። ብርጭቆዎቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። እንጀራው ቢራ፣ ተራራው ማባያ ሆኗል።

ድሮ እናደድ ነበር። አሁን ረጋ ብዬ ሳስበው እነዚህ ሰዎች ለሀገር ውለታ እየዋሉ መሆናቸው ገብቶኛል። ሰው ተራራ የሚወጣው ላብ ሊያወጣ ነው። አልኮል ደግሞ ኩላሊት ውሃ ቆጥቦ እንዲይዝ የሚያዘውን ሆርሞን ዝም ያሰኘዋል፤ ውሃው በሌላ በኩል ይወጣል። እንግዲህ አንዱ በላይ በቆዳ፣ ሌላው በታች በሽንት ተባብረው ሲሠሩ ከዚህ የበለጠ ቅንጅት የት ይገኛል? በቆላ ፀሐይ ሲወጣ ሲወርድ የዋለ ሰው በላዩ ላይ ሦስት ጠርሙስ ከደረበበት፣ «በአንድ ቀን ክብደት ቀንሱ» የሚለው ማስታወቂያ ውሸት እንዳልነበረ ማታ ራሱ ሲዞርበት ይረዳዋል።

ደግሞም በዓለም የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በፈረንሳይ አገር፣ በዢሮንድ ወንዝ ዳር፣ ሜዶክ በሚባለው የወይን አውራጃ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማራቶን ይሮጣል። ሙሉ 42 ኪሎ ሜትር ነው። በመንገዱ ላይ ከ20 የሚበልጡ የወይን ጠጅ መቅመሻ ጣቢያዎች አሉ፤ ሯጩም የንጉሥ፣ የዶሮ፣ የፈለገውን ልብስ ለብሶ ይመጣል። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ አንድ ብርጭቆ ጉደር የሚቀዳለት አሳቢ ሰው አለመኖሩ ይቆጨኛል። ወርቁ ይቀር ይሆናል፤ ጨዋታው ግን ይደምቅ ነበር።

እኛም ብንሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። ሐረር ቢራ፣ ሜታ ቢራ፣ ዳሸን ቢራ የሚባሉ ክለቦች በትልቁ ሊጋችን ኳስ ተጫውተዋል። ተመልካቹ የሚደግፈው ተጫዋቹን ይሁን ጠርሙሱን ሳይለይ ዘጠና ደቂቃ ይጮህ ነበር። ለወይን ጠጆቻችንም የወንዝ ስም ሰጥተናል፤ አዋሽ ብለናል፣ ጉደር ብለናል። የቀረን ወንዙን ራሱን መጥመቅ ነው። እሱም ቢሆን ተጀምሯል ማለት ይቻላል። ኮምቦልቻ ላይ ቆዳ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረት፣ ቢራም የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሉ። ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ወደ ቦርከና ወንዝ እንደሚወርድ ደጋግመው ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። ቦርከና ደግሞ ወደ ጨፋ ረግረግ፣ ወደ ከሚሴ ይወርዳል። በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ የሚሰፍረው እዚያው ጨፋ ነው። ከብቱ ሳይከፍል ይቀምሳል።

ታዲያ ይህ ሁሉ በረከት ለምን ወንጪ ላይ ይቆማል? እኔ ሸዋ ሮቢትን አልፎ አጣዬ ሳይደረስ ያለችውን ሰንበቴን እጠቁማለሁ። በአንድ በኩል የሸዋ ተራራ፣ በሌላው ቆላው፣ እሁድ እሁድ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባው፣ አማራው የሚገናኝበት ገበያ። ከዚህ የተሻለ የቢራና የስፖርት መናኸሪያ አይገኝም። የአካባቢው ሰው በብዛት ሙስሊም ነው፣ ቢራ አይጠጣም ብላችሁ አትጨነቁ። ይህ ትልቁ ጥቅም ነው፤ ለእንግዳው ይተርፋል።

ዋናው ሀብት ግን ግመሉ ነው።

አስቡት። አንድ ሳጥን ቢራ 24 ጠርሙስ ይይዛል፤ ጠንካራ ግመል አሥር ሳጥን ያህል ቢጭን 240 ጠርሙስ ሽቅብ ይወጣል። ተጓዡ ከኋላ ይከተላል፤ ግመሉ በቆመበት ይቆማል፣ ቆርኪ ይከፍታል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይቀጥላል። ርቀት በኪሎ ሜትር መለካቱ ይቀራል፤ «ጫፉ ስንት ጠርሙስ ይርቃል?» ይባላል። በመልስ ጉዞ ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ግመሉ የሚያርፍ እንዳይመስላችሁ። ያ 240 ጠርሙስ የትም አልሄደም፤ ከሳጥን ወደ ሆድ ተዛውሯል፤ ሆዱም መራመድ ስላቃተው ከነባለቤቱ ተመልሶ ግመሉ ላይ ይወጣል። ሸክሙ ያው ነው፤ አሁን ግን ይዘፍናል።

ከጉዞው አባላት ሁሉ ያልጠጣው ግመሉ ብቻ ስለሆነ ኃላፊነቱን ለእሱ መስጠት ግድ ይላል። መንጃ ፈቃድ ይውጣለት። ፈተናው ቀላል ነው፤ ስፒከር ጆሮው ሥር ተለቅቆ ካልደነበረ፣ ጀርባው ላይ የተቀመጠው ሰው «ፍቅሬ» እያለ አንገቱን ሲያቅፈው ካልተፋበት፣ አልፏል። ትንሽ ቆይቶ የሰንበቴ ገበያ ጠባዩ ይለወጣል። ድሮ ገዢው ጥርሱን አይቶ፣ ሻኛውን ዳስሶ፣ ሴት ከሆነች ስለ ወተቷ ጠይቆ ነበር የሚገዛው። አሁን ደላላው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይሄ ሬጌም ይታገሣል! ዓምና ሰባት ሰካራም ተሸክሞ አንዱንም አልጣለም!» ይላል። ፈቃድ ያለውና የሌለው ግመል ዋጋቸው ይለያያል፤ ፎርጅድ ፈቃድ የያዘ ግመል ይያዛል፤ ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ደግሞ ጡረታ የወጡ፣ ጆሯቸው የደነቆረ ግመሎች በቅናሽ ይሸጣሉ። ዕድሜውን ሙሉ ጠብታ ቀምሶ የማያውቀው ግመል ጠባቂ፣ የድራፍት አረፋ ስንት ጣት መሆን እንዳለበት የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሰርተፊኬት ይቀበላል። የውሃ ነገር ቢነሣ ግመል ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ መቶ ሊትር ያህል ጠጥቶ ለቀናት መታገሥ ይችላል። ይህን ውሃ ማንም «ቸርስ» ሳይለው ነው የሚጠጣው፤ ኋላ ቀርነቱ እዚህ ላይ ነው፤ በሥልጠና ይስተካከላል።

አምቡላንስ አያስፈልግም። መጸዳጃም አያስፈልግም፤ ወንዝ አለ።

እዚህ ላይ ሽሙጤ ያልቅብኛል። ከእነዚህ ጉዞዎች በአንዱ አብሬ ሄጄ ወንዝ ዳር ዐርፈን ሳለ አንዱ ጎረምሳ የጨረሰውን ጠርሙስ ድንጋይ ላይ አነጣጥሮ ወረወረው። ተሰበረ፤ ተጨበጨበለት። ከማዶ በባዶ እግራቸው ፍየል የሚያጠጡ ልጆች ቆመው ያዩን ነበር። አዘጋጁን ጠየቅሁት። «እሱን እኛ አንችልም» አለኝ። ቢራውን ተሸክሞ ማምጣት ችሏል፤ ባዶ ጠርሙስ ተሸክሞ መመለስ ነው ያቃተው። ባዶ ጠርሙስ ከሙሉው ይቀልላል!

ይህ ስፖርት አይደለም። ቡና ቤቱን ጠቅልሎ ሰው ማሳ ላይ መዘርጋት ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቶታል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው እንዳይሸጥም ከልክሏል። በሃይኪንግ አውቶቡስ ውስጥ መታወቂያ ሲጠየቅ ግን አይቼ አላውቅም። ማስታወቂያው ከስቱዲዮ ሲባረር ጫማውን አጥብቆ ተራራ ወጣ ማለት ነው።

መጠጣትን አልጠላም፤ ሰው ቤቱ ወይም መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠጣ። የሚያንገበግበኝ የአስተናጋጁ አገር መረሳቱ ነው። ሜዶክ ላይ ወይኑ የበቀለው ሯጩ በሚረግጠው መንገድ ዳር ነው፤ የሚቀዳው የመንደሩ ሰው ነው፤ ትርፉም ይደርሰዋል። እኛ ግን ቢራውን ከአዲስ አበባ ጭነን፣ ምግቡን ጭነን፣ ዘፈኑን ጭነን ሄደን ለመንደሩ የምንተውለት ቆርኪ ነው። ሰንበቴ የራሷ መጠጥ አላት። ቀሪቦ አለ፣ ብርዝ አለ፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚቀዳ ቡና አለ። ዱዓ አድርገው የሚመርቁ አባቶች አሉ። በዚህ መስመር ባለፉት ዓመታት የፈሰሰውን ደም፣ የተቃጠለውን ቤት የሚያውቅ ሰው፣ እንግዳ በሰላም መጥቶ በሰላም መመለሱ ራሱ ለዚህ አገር ሕዝብ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። በዚህ ላይ ስካር አይጨመርበትም።

መንገዱ ሰላም ከሆነ እሁድ ኑ። በጠዋት ድረሱ፣ ገበያው የሚያምረው ያኔ ነው። ምሳችሁን ከዚያው ግዙ፣ ቡናችሁን ከዚያው ጠጡ፣ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ። ጠርሙስ ይዛችሁ ከመጣችሁም ባዶውን በየቦርሳችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ወንዝ ጠራጊ የለውም።