የሁለት ደቂቃው በረራ፦ ርቀትን፣ ጊዜንና ጋቢናን የሚመለከት አጭር ጥናት

መነሻ። ከስኮትላንድ ዋና ምድር በስተሰሜን፣ በኦርክኒ ደሴቶች፣ ዌስትሬይ እና ፓፓ ዌስትሬይ የሚባሉ ጎረቤታም ደሴቶች አሉ። የሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች ርቀት 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ በመካከላቸው መደበኛ በረራ አለ፤ በዓለም አጭሩ ነው። በመርሐ ግብሩ 2 ደቂቃ ተይዞለታል። የፈጠነ ዕለት 53 ሰከንድ በቅቶታል።

ስሌት። 2.7 ኪሎ ሜትር በ2 ደቂቃ ሲሄዱት፣ በሰዓት 81 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ በአዳማ ፈጣን መንገድ የሚከንፍ ሚኒባስ የሚንቀው ፍጥነት ነው። በ53 ሰከንዱ ግን 183 ይደርሳል። ችግሩ ከሞተሩ ሳይሆን ከመርሐ ግብሩ መሆኑ በዚህ ተረጋግጧል።

ንጽጽር። የቦሌ ኤርፖርት ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው። የኦርክኒው መንገደኛ ከደሴት ደሴት ተሻግሮ ሻንጣውን ሲያነሣ፣ ያንኑ ርቀት ቦሌ ላይ የተጓዘ ሰው ገና 1,100 ሜትር አስፋልት ይቀረዋል።

ስለ አውሮፕላኑ። ብሪተን ኖርማን አይላንደር ይባላል። ጎማው አይታጠፍም፤ ቶሎ የሚነሣ እንግዳ ጫማውን አያወልቅምና። የሚጭነው ስምንት ያህል ሰው ስለሆነ ከሚኒባስ ታክሲ ያንሳል። አስተናጋጅም ወያላም የለውም። ከአብራሪው ጎን አንድ መንገደኛ ሊቀመጥ ይችላል። ያንን ወንበር የአቪዬሽን ሊቃውንት የረዳት አብራሪ ወንበር ይሉታል፤ ትክክለኛ ስሙ ጋቢና ነው።

የሐሳብ ሙከራ። ሁለት የጎጃም ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተሳፈሩ እንበል። «እንደምን ከረሙ? ቤተሰቡ ደኅና? ልጆቹስ?» ሰላምታው ከብቱ ዘንድ ሲደርስ አውሮፕላኑ መሬት ይነካል። ስለ አዝመራው ለመጠየቅ የደርሶ መልስ ትኬት ያስፈልጋል።

ተቃውሞና መልስ። «ታዲያ በእግራቸው አይሄዱም?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መካከሉ ባሕር ነው፤ አስተማሪውም ሐኪሙም የሚሳፈሩት ለዚህ ነው። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሰሜን ሸዋና በወሎ ገደል የሚለያቸው መንደሮች ማዶ ለማዶ ይጠራራሉ፤ ለቅሶ ለመድረስ ግን ወርዶ መውጣቱ ግማሽ ቀን ይበላል። በድምፅ ጎረቤት፣ በእግር ባዕድ ናቸው። ስለዚህ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን መሐል በተጋደመው ነገር ነው።

ማጠቃለያ። የአገራችን ገበሬ መንገድ ሲጠየቅ በአገጩ እያመለከተ «ይቺው ናት» ይላል። ይህችን መለኪያ ያመነ መንገደኛ ብዙ ጊዜ መሽቶበት ከሰው ቤት አድሯል። መለኪያዋ የተሳሳተች መስሎን ነበር፤ ለካስ የምትሠራበት ቦታ ሩቅ ኖሮ ነው። ዌስትሬይ ላይ ቆሞ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ ለሚጠይቅ ሰው፣ በእርግጥም ይቺው ናት።