የኮማና የመስተጻምር ሥርዓት ማስከበሪያ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በእንግሊዝኛ ማመልከቻ የምትጽፍ፣ ሪፖርት የምታጠናቅር፣ በሲቪህ ሥራ የምትጠይቅ ሁሉ!

ኮማ ትንፋሽ ባጠረ ቁጥር እንደ ሚጥሚጣ እየተነሰነሰ በመሆኑ፤ መስተጻምሮችም «ሥራችንን በኮማ ተነጠቅን» እያሉ አቤቱታ በማብዛታቸው፤ ነገሩን ሥርዓት ማስያዝ አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በኮማ ብቻ ማጋባት ክልክል ነው። «አይ ዋዝ ሲክ፣ አይ ዲድንት ካም» ብሎ ለአለቃው የጻፈ ሠራተኛ ሕመሙ እውነት ቢሆን እንኳ ጋብቻው ፈራሽ ነው። ወይ ነጥብ ያድርግ፣ ወይ ሰሚኮለን ያስገባ፣ ወይ ከኮማው ቀጥሎ «ሶ»ን በምስክርነት ያቁም።

አንቀጽ 2፦ የማጋባት ሥልጣን ያላቸው ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ የት እና ሶ ብቻ ናቸው። በግራም በቀኝም ባለቤትና ግስ ያለው፣ ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ሲቆም ኮማው ይቀድማቸዋል። የቀኙ ባለቤት ከሌለው ኮማው አይገባም። «ሺ ሳንግ ኤንድ ዳንስድ» ሲባል የዘፈነችውም የጨፈረችውም አንዲት ሴት ናትና ለሁለት አትከፈልም። «ሃውኤቨር» ስምንተኛ ልሁን እያለ በየጊዜው ያመለክታል፤ በየጊዜውም ውድቅ ይደረግበታል። በሁለት ዓረፍተ ነገር መካከል መግባት ካማረው ሰሚኮለን ወይም ነጥብ አስቀድሞ ይምጣ።

አንቀጽ 3፦ «ኦልዞው» በተሾመበት ዓረፍተ ነገር «በት» አይቀጠርም። «ምንም እንኳ» ብሎ ጀምሮ «ነገር ግን» ብሎ መቀጠል የለመደ ያገራችን ሰው እንደሚከፋው እናውቃለን፤ ለአንድ የሥራ መደብ ግን ሁለት ደመወዝ አንከፍልም።

አንቀጽ 4፦ ነገሩ ቀልድ የመሰለው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሜን ግዛት ይመልከት። የግዛቲቱ ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማያሰጡ ሥራዎችን ሲዘረዝር መጨረሻው ላይ «ለጭነት ወይም ለማከፋፈል ማሸግ» ይበል «ለጭነት ማሸግ፣ ወይም ማከፋፈል» ሳይለይ ቀረ። ከ«ኦር» በፊት ኮማ አልነበረማ! የኦክኸርስት ዴይሪ የወተት ሾፌሮች «እኛ እናከፋፍላለን እንጂ አናሽግም» ብለው ተሟገቱ። ይግባኝ ሰሚው የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. አሻሚነቱን ለሾፌሮቹ ተረጎመላቸው፤ በዓመቱ ኩባንያው በ5 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ። ጉዱ ደግሞ፣ የግዛቲቱ የሕግ አረቃቀቅ መመሪያ ያቺን ኮማ አታስገቡ የሚል መሆኑ! ሕጉ ኋላ ሲሻሻል በየሥራው መካከል ሰሚኮለን ተተከለ።

አንቀጽ 5፦ ያቺው ኮማ፣ ኦክስፎርድ ኮማ የምትባለው፣ ምክር ቤታችንን ለሁለት ከፍላለች። የአሜሪካ መጻሕፍት አሳታሚዎች በብዛት ያስገቧታል፤ የእንግሊዝ ጋዜጦች በብዛት ይተዋታል። ውሳኔ እስኪሰጥ ሁሉም የመረጠውን ይያዝ፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አይቀያይር።

አንቀጽ 6፦ ከዚህ አዋጅ በፊት ለተላኩ ኢሜይሎች ምሕረት ተደርጓል። ሲቪን አይመለከትም።